በአማርኛ ስም ለሚታተምበት ሐብል ቁራጭ ስመርጥ

የምሠራው ሐብልና ቁልፍ መያዣ ነው፤ በማዕድን ቁራጭ ላይ ስሙን፣ ጫፉ ላይ አንድ ፊደል በተቀረጸበት የብረት መምቻ፣ ፊደል በፊደል፣ በመዶሻ አትማለሁ። በላቲን ለሚጽፍ ሰው 26 መምቻ ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን ከነዘሩ ከ200 በላይ ስለሆነ፣ መምቻዎቹን በታዘዝኩት ስም ልክ ቀስ በቀስ እያሠራሁ ነው የማሟላው።

የቁራጩንም ምርጫ የወሰነብኝ ይኸው ፊደላችን ነው። ‹‹ጨ››ን የመሰለ መስመሩ የበዛ ፊደል የመዶሻው ጉልበት ስለሚከፋፈልበት፣ ቁራጩ ጠንካራ ከሆነ አንዱ እግር ጠልቆ ሌላው ሳይታይ ይቀራል። ደግሞ ልምታው ቢሉ መምቻው በዚያው ቦታ በትክክል አያርፍም፤ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የማየው የማዕድኑን ልስላሴ ነው፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለጀማሪ አሉሚኒየምን እመክራለሁ። ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ስስ ከሆነ ይጎብጣል፣ የፊደሉም ቅርጽ በጀርባው ያብጣል። መዳብም ጥሩ ነው። ጠንክሮ ከመጣ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ በእሳት አግዬ ውኃ ውስጥ ስከተው ይለሰልሳል። ይህን በአሉሚኒየም አትሞክሩት፤ በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ መቅላቱን እንጠብቅ ስንል ሊፈስብን ይችላል። ናስ ከሁለቱም ይጠነክራል፤ መልኩ ወርቅ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እኔ ግን መስመራቸው ለቀለለ ፊደላት ብቻ ነው የማውለው። የማይዝግ ብረት መምቻውን ስለሚያደነዝዝ ጨርሶ አልነካውም።

ስትገዙ ‹‹ብር ነው?›› ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ‹‹የጀርመን ብር›› የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ብር የለበትም። ኒኬሉ ደግሞ ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎችን ያሳክካል፤ አንገት ላይ ለሚውል ነገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የተለበጠውንም እተወዋለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲወለወል ልባጩ ይነሳና የውስጡ ይገለጣል።

መጠንን በተመለከተ ፊደላችን ያግዘናል። ‹‹ሰላም›› በላቲን አምስት፣ በእኛ ሦስት ምት ነው፤ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ፊደሉን ተለቅ አድርጎ መምታት ይቻላል። ከመሐል ‹‹ላ›› ጀምሬ ግራና ቀኙን ስለምሞላ ስሙ ወደ አንድ ጎን አይሸሽም። ‹‹ኃይለማርያም›› ሲመጣ ግን ክቡን ትቼ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን አነሳለሁ።

ትክክለኛውን ብር፣ 925ቱን (ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር የሆነውን)፣ በአብዛኛው የሚያዙኝ ለክርስትና ስጦታ ነው። ውድ ስለሆነ ከመምታቴ በፊት እኩል ውፍረት ባለው መዳብ ላይ ስሙን በሙሉ መትቼ ለባለቤቱ አሳያለሁ። በ‹‹ሀ›› ይሁን በ‹‹ኃ››፣ በ‹‹ሰ›› ይሁን በ‹‹ሠ›› የሚያረጋግጥልኝ እሱ ነው፤ ብሩን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።