ከፉከራና ከሙሾ መካከል

የጦርነት መጽሐፍ አነባለሁ ስል ሰው ታንክ ቆጣሪ አድርጎ ያየኛል። አይደለሁም። ካርታና ቀስት የበዛበት መጽሐፍ ሃያ ገጽ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። የወረረንን የጣልያን ጦር አዛዥ፣ የማርሻል ባዶሊዮን እንኳ ሞክሬዋለሁ፤ ማይጨው ላይ ባሸነፈ ዓመት ሳይሞላው ያሳተመውን፣ ሙሶሊኒ መቅድም የጻፈለትን። መድፉ፣ መንገዱ፣ ስንቁ፣ በቅሎው፣ ሁሉም አለ። የመርዝ ጋዙ ብቻ የለም። ራሱ ያዘዘው ነገር እኮ ነው!

እኔ የሚይዘኝ ሐኪም የጻፈው ነው። ሐኪም ለጀግና ጊዜ የለውም፤ ጭንቀቱ ፋሻ ስንት ቀረ ነው።

ማርሴል ዡኖ የስዊዘርላንድ ሰው ነው፣ ቀዶ ሐኪም። በ1928 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ወደኛ ሲልከው ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ገባ፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከወዲህ ወዲያ ሲመላለስ አሳለፈ፣ መጨረሻ ላይ ቦምቡ ከወደቀ ከወር በኋላ ሂሮሺማ መድኃኒት ይዞ ደረሰ። ይሄን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ጽፎታል። የፈረንሳይኛው ርዕስ ወደኛ ሲመለስ "ሦስተኛው ተዋጊ" ይሆናል። ሁለቱ ይታኮሳሉ፣ ሦስተኛው ባዶ እጁን መሀል ይገባል። መጽሐፉ የሚጀምረው ደግሞ ከኛው አገር ነው። እኔ ያገኘሁት የእንግሊዝኛውን ነው፤ ፎቶ ኮፒ፣ ያውም ጠርዙ የተቆረጠ፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ሁለት ፊደል እየገመትኩ ነው ያነበብኩት።

ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ታኅሣሥ 20 ደግሞ ደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ፣ አልጋ ላይ ያሉ ቁስለኞች አለቁ። እነዚህን ገጾች ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍኳቸው። የቆምኩት ኮረም ላይ ነው።

መጋቢት ነው፣ ማይጨው ሊሆን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዡኖ ዛፍ ሥር የተዘረረ ሰው ያያል። አንድ ሁለት አይደለም፣ በሺ የሚቆጠር። ቀረብ ሲል እግራቸው ነው የሚታየው። የተቃጠለ፣ የመገለ። የመርዙ ፈሳሽ ሣር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ ይቀመጣላ፤ ወታደሩ ደግሞ ባዶ እግሩን ነው። ጭንብል የለም፣ መድኃኒት የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ድምፅ ይመጣል፣ ዡኖም እንደሰማው በራሱ ፊደል ይጽፈዋል፤ "አቤት… አቤት…"።

እዚህ ቦታ መጽሐፉን ዘጋሁት። ቃሉን ሌላ አገር አንባቢ ሲያየው የሥቃይ ድምፅ ነው፣ በቃ። እኛ ጋ እናት ስትጠራህ የምትለው ነው። ዳኛ ፊት የምትለው ነው። ንጉሥ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመህ የምትጮኸው ነው። እነዚያ ሰዎች ዡኖን አያውቁትም፣ ስሙንም አይጠሩም። ማን ጠርቷቸው ነው "አቤት" የሚሉት? ወይስ ለማን ነው አቤት የሚሉት?

ራስ እምሩም ተከዜ ላይ ያዩትን ኋላ ለጣልያናዊው ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል። ታኅሣሥ 13 ማለዳ አውሮፕላን መጣ፣ የጣለው ግን እንደለመዱት አልፈነዳም። ሲወድቅ የሚሰበር በርሜል መሳይ ነገር ነው፣ ቀለም የሌለው ውኃ የሚረጭ። የነካው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ውኃ ቋጠረ። አለቆቹ ከበዋቸው ምን እናድርግ ሲሏቸው የሚመልሱት አጡ። እንደዚያ ያለ ትልቅ የጦር አዛዥ "ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር" ሲል የምታነበው በስንት መጽሐፍ ነው?

እኛ ጦርነትን የምናወራበት ቋንቋ ሞልቶናል፤ ግን ከፊትና ከኋላው ነው። ከመሄድ በፊት ፉከራ፣ ሽለላ፣ ቀረርቶ አለ። ያልተመለሰ ሲኖር ሙሾ አለ። መሀሉ፣ ቁስሉ የሚሸትበት፣ ጥሙ፣ ሣር ላይ መጎተቱ፣ እሱ ግጥም የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ "ትዝታ"ን የጻፉት ለዚያ ይመስለኛል። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር ደሴት ላይ ታስረው የኖሩትን ሳያጋንኑ ይነግሩናል። ሰው ሁሉ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ብቻ ያነሳል፣ እኔ ግን "ትዝታ"ን ነው ለሰው የማውሰው። (አንዱ ወስዶ አልመለሰልኝም። ራስህን ታውቃለህ።)

ወደ ዡኖ ልመለስና፣ የሚያናድደው ቀጥሎ ያለው ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ ያላችሁን ስጡን ብሎ ቀይ መስቀልን ጠየቀ። ቀይ መስቀል እኔ ገለልተኛ ነኝ ብሎ የሐኪሞቹን ሪፖርት አልሰጥም አለ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ ማስረጃው እዚያው ከተማ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጣልያን ውስጥ ደግሞ ጋዝ አልነበረም ተብሎ ስንት ዘመን ተማለ፤ ትልቁ ጋዜጠኛቸው ሞንታኔሊ፣ እሱም እዚሁ የዘመተ፣ ከዴል ቦካ ጋር ሲሟገት ኖረ። የመከላከያ ሚኒስቴራቸው ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ስድሳ ዓመት!

እኔን ይሄ ሁሉ የያዘኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የአያቴ አባት ማይጨው ዘምቷል። እቤት የሚወራው ምንሽሩ ነው፤ እንዴት እንደተሸከመው፣ ለማን እንደተወረሰ። ባለፈው ሳምንት ወሎ ያለችው የአባቴ እህት ጋ ደወልኩና "እትዬ፣ እግሩ እንዴት ነበር?" አልኳት።

"የማን?"

"የሰውየው፣ የአያትሽ።"

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"አያሳጥብም ነበር" አለች። "ማታ ማታ የትልቅ ሰው እግር የምናጥበው እኛ ልጆቹ ነበርን። የሱን ግን አንድ ቀን ነክተን አናውቅም። ጣሳውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ብቻውን። ተመልሶ ሲመጣ በጨርቅ ጠቅልሎት ነው።"

ምን እንደነበረ አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም። እኔም ጋዝ ነው ልል አልችልም። ስለ መጽሐፉ ስነግራት ግን አንብብልኝ አለች። እንግሊዝኛ ስለማትችል ማታ ማታ ገጽ ገጹን ወደ አማርኛ እየመለስኩ በስልክ አነብላታለሁ። ኮረም ስንደርስ መመለስ የማያስፈልገኝ አንድ ቃል አለ። እንዳለ አነበብኩላት።

"ቆይ" አለችኝ፣ "እሱን ለእሁድ አቆየው።"