ዛፍ ላይ የሚተው ገመድ

በመናገሻ ሱባ ደን የምኒልክ ድኩላን ፎቶ ለማንሳት ዛፍ ላይ ለምንወጣ ሰዎች፣ መውጫ ገመዱንና ግንዱ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ እዚያው ሰቅሎ መሄድ ያጓጓል፤ ድኩላው ጎሕ ሲቀድ ከጥሻው ብቅ ስለሚል፣ በጨለማ ገመድ ስንወረውር የሚሰማው ኮሽታ ያስበረግገዋል። በአሜሪካም አንዳንድ የአጋዘን አዳኞች በዚሁ ምክንያት መወጣጫቸውን የአደኑ ወቅት እስኪያልቅ ዛፍ ላይ ይተዉታል። እኔ ግን አልደግፈውም። የገመዱና የቀበቶው ናይለን በፀሐይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይዳከማል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ከፍታ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። ግንዱን አጥብቆ የከረመ ቀበቶ ዛፉ ሲወፍር ልጡን ሰርስሮ ይገባል፣ ዘለበቱም ይዝጋል። የግድ ከሆነ ቀጭን ሲባጎ ብቻ ይተውና ዋናው ገመድ በማለዳ በእርሱ ይጎተት፤ ሲባጎ ቢበጠስ የሚወድቀው ሰው አይደለም፣ ቢሰረቅም (መሰረቁ አይቀርም) ኪስ አይጎዳም።