«ከተሰራጨማ አትቅደዷት»

ታላቅ እህቴ የእንቁልጢ (የኦቫሪ) ካንሰር እንዳለባት ስናውቅ በሽታው ከቦታው ወጥቶ ነበር። ሞራዋን፣ የሆዷን የውስጥ ሽፋንና የትልቁ አንጀቷን የታችኛውን ክፍል ይዟል። ደረጃ 3 ነው አሉን። ከዚያ በኋላ ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ «ከተሰራጨማ አትቅደዷት፣ አታሰቃይዋት» ይለን ጀመር። ከፍቅር ነው የሚሉት። ግን በዚህ በሽታ ላይ አይሠራም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሰምቶ ተስፋ እንደሚቆርጥ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

የእንቁልጢ ካንሰር የራሱ ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ሩቅ ከመሄዱ በፊት እዚያው ሆድ ውስጥ ይበተናል። ሴሎቹ ከእንቁልጢው ላይ ረግፈው በሆድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ሞራው ላይ፣ አንጀቱ ላይ፣ ሆድና ደረትን በሚለየው ድያፍራም ላይ ይለጠፋሉ። ብዙ ጊዜ የሚይዙት የአካሉን ገጽ ስለሆነ፣ የሠለጠነ እጅ ሊገፈው ወይም የተያዘውን ክፍል ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል።

የእህቴ ሐኪም የማህጸንና የእንቁልጢ ካንሰር ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት ናቸው። ሲቲ ስካኑን እያሳዩን «እኔን የሚያሳስበኝ የማወጣው ብዛት አይደለም፣ የሚቀረው ነው» አሉን። እ.ኤ.አ. በ1975 ግሪፊትስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የቀረው ዕጢ ባነሰ ቁጥር ታማሚዋ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደምታገኝ አሳይቶ ነበር። በኋላ ለብዙ ዓመታት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀረ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ግቡ በዓይን የሚታይ ምንም እንዳይቀር ነው።

ወዲያው ግን አልተቀደደችም። ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ መብላት አቅቷት ሰውነቷ አልቆ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ 3 ዙር ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ወሰደች፤ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉትን። ከዚያ ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ደግሞ ቀሪው 3 ዙር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በጣም ለተስፋፋ በሽታ ኬሞን ማስቀደም ዕድሜን እንደማያሳጥር አሳይቷል። አቅም ላላት፣ ሁሉም ሊወጣላት ለሚችል ሴት ግን ቀዶ ጥገናውን ማስቀደምን የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የተደረጉት ነገሮች ገረሙኝ። ለምሳሌ ክትባት ተከተበች። በሽታው ጣፊያዋን ይዞ ከተገኘ ጣፊያው ይወጣል፣ ጣፊያ የሌለው ሰው ደግሞ ለአንዳንድ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ይጋለጣል። ስለዚህ ቀድመው ያዘጋጁዋታል። ሌላው፣ አንዲት ነርስ መጥታ እህቴን አስቀመጠቻት፣ አቆመቻት፣ አጎነበሰቻት፤ ከዚያ ሆዷ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ሰገራ በከረጢት እንዲወጣ ካስፈለገ ከረጢቱ የሚለጠፍበት ቦታ ነው። እህቴ ኬሞውን ሁሉ ሳታለቅስ ችላው ነበር። ያን ምልክት ስታይ አለቀሰች።

ከጠዋት እስከ አመሻሽ ቆየች። ማህጸኗ፣ ሁለቱ እንቁልጢዎቿና ቱቦዎቿ፣ ሞራዋ፣ የዳሌዋ የውስጥ ሽፋንና የአንጀቷ ቁራጭ ወጡ። ድያፍራሟ ላይ የተለጠፈውም ተገፈፈ። ጣፊያዋ ተረፈ። ደህና የሚመስሉ ንፍፊቶችን ግን አልነኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እነሱን ማውጣት ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይቷልና።

ሐኪሟ ሲወጡ «ምን ቀረ ዶክተር?» አልኳቸው። «በዓይኔ የማየው አልቀረም» አሉኝ። መቀመጫ ፈለግኩ። ይህ ማለት ድናለች ማለት እንዳልሆነም በዚያው ነገሩኝ። በዓይን የማይታይ ሴል ሊኖር ይችላል፣ በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኬሞው የሚቀጥለውም ለዚህ ነው።

እህቴ ስትነቃ መጀመሪያ እጇን የሰደደችው ወደ ከረጢቱ ነው። ነበረ። የተሰፋው አንጀት እስኪድን ብቻ የሚቆይ፣ በኋላ የሚዘጋ ነው ብለዋታል። አሁን ራሷ ትቀይረዋለች። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የምትወጋውን መርፌ ግን እኔ ነኝ የምወጋት።

ይህ ቀላል ኦፕራሲዮን አይደለም። የተሰፋ አንጀት ሊያፈስ ይችላል፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አለ፣ ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣል። አቅም ለሌላት ሴት ላይሆንም ይችላል። ግን «አይሆንም» ማለት ያለበት ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ነው፣ ጎረቤት አይደለም። ስለዚህ ጠይቁ። ቀዳጁ በዚህ ካንሰር የሠለጠነ ነው? ቡድኑ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ይሠራል? አንጀት መነካት ካለበት የሚረዳ ሰው አለ? ሲወጡ ደግሞ ምን እንደቀረ ጠይቁና መልሱን ጻፉት፤ ቀጣዩ ሐኪም ይፈልገዋል።

የዘረመል ምርመራውም ውጤት መጥቷል። ብራካ 1 በሚባለው ዘረመል ላይ በቤተሰብ ሊወረስ የሚችል ለውጥ ተገኝቶባታል። ከኬሞው በኋላ ኦላፓሪብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ትጀምራለች። እኔም ደሜን ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። ልጇም ለምርመራው ቀጠሮ ይዛለች።