ክሎሮኪን አለ፣ ግን አልሸጥልህም

ኮምቦልቻ ላይ፣ ከመነኸሪያው ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እዚያ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ወሬ ለመስማት ሬዲዮ አያስፈልገውም ነበር። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው ተባለ። ቅዳሜ ማስኩ አለቀ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ፣ አልኮሉም አለቀ። ከእኛ ፊት ለፊት ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ግን ምንም አላለቀባትም። በየቀኑ ዋጋ ትጨምራለች፣ ሰልፏም ከእኛ ይረዝማል። አንድ ቀን ሳኒታይዘር ፈልጋ መጣችና የለም ስንላት «ታዲያ እናንተ ጋ ምን አለ?» ብላ ሳቀችብን። እውነቷን ነው።

ሁሉም ፈርቷል፣ የሚፈራው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ልጇ ከሳዑዲ ተመልሳ ለይቶ ማቆያ የገባችባት እናት «ምን ልላክላት?» እያለች ትመጣለች። የቀን ሠራተኛው ደግሞ «ቤት ተቀመጡ የሚሉን ቤታቸው እህል ያለ ሰዎች ናቸው» ይላል፤ ይቺን ክርክር ማንም በአግባቡ ሲመልሳት አልሰማሁም። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ማለቱ የከነከናቸው ሽማግሌዎች «በሽታ ሲመጣ ዱዓ ይበዛል እንጂ ይቀነሳል እንዴ?» ብለው ይሟገቱኛል። እኔ ደግሞ ዱዓው አልተከለከለም፣ መተፋፈጉ ነው እላለሁ። ምርጫው መራዘሙ ልክ ነው አይደለም የሚለውም እዚያው ባንኮኒ ላይ ይነሳል። ፓራሲታሞል ሊገዛ የገባ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት ተከራክሮ ፓራሲታሞሉን ረስቶ ይወጣል።

መጋቢት 10 ላይ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በቴሌቪዥን ቀርቦ ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባሉትን የወባ መድኃኒቶች ለኮሮና ይሆናሉ ብሎ አሞካሸ። ወሬው ኮምቦልቻ ለመድረስ ውሎ አላደረም።

እኛ አካባቢ ክሎሮኪን እንግዳ አይደለም። እንደ ሐርቡ፣ ጨፋ ወይም ባቲ ባለ ቆላ ያደገ ሰው ምሬቱን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሲውጡት ገላቸውን እንደ ጉድ የሚያሳክካቸውም አሉ። ያን ጊዜም ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚታዘዘው እሱ ነበር፤ ለሌላኛው፣ ለፋልሲፓረም፣ የሚሰጠው ኮአርተም ነበር። ሰው ደግሞ የሚያውቀውን መድኃኒት አይፈራም። ባዕድ ስም ያለው ኪኒን ቢሆን «ጉዳት አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለክሎሮኪን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። «ለስድስት ሰው የሚሆን ስጠኝ» ነው የሚሉት በቀጥታ።

ክሎሮኪን የሚያድነውና የሚገድለው መጠን የተቀራረበ መድኃኒት ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው ወባ በ3 ቀን የሚሰጠው ጠቅላላው 10 ፍሬ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ልብ ላይ ነው የሚወጣው፣ ምቷን ያዛባል። ለሕፃን ልጅማ ሳይታወቅ የተዋጠ አንድና ሁለት ፍሬ ሊበቃ ይችላል። በዚያው መጋቢት ናይጄሪያ ሌጎስ ላይ ሰዎች በክሎሮኪን ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። አሜሪካ አሪዞና ውስጥም የዓሣ ገንዳ ማጽጃ ውስጥ ያለውን ክሎሮኪን ፎስፌት የወሰደ ሰው ሞተ። ይሄ ሁሉ እየሆነ እኛ ጋ ሰው «ለመጠባበቂያ» ብሎ አልጋ ሥር ሊያስቀምጠው ይፈልጋል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ማለት ነው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ እንለዋለን፣ ሁላችንንም ሰብስቦ «የለም በሉ፣ ወሬ አታብዙ» አለን። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዋጋ ጨመሩ ተብለው ሱቆች የሚታሸጉበት ሰሞን ነው፣ ከሰው ጋር ጭቅጭቅ አልፈለገም። የቀረችው ትንሽ ክሎሮኪን ደግሞ ለወባ በሽተኛ ትቆይ ነው ያለው። በልግ ጠብ ብሎ ነበር፣ ቆላው ላይ ወባ መነሣቱ አይቀርም።

እኛም የለም እያልን ዋልን። ከጥቂት ቀን በኋላ ፀጉር ልስተካከል ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ የት እንደምሠራ አያውቅም፤ «ሰምተሃል? የኮሮና መድኃኒት እኮ ተገኝቷል፣ እዚህ መነኸሪያው ጋ ያለው ፋርማሲ ነበረው፣ ሀብታሞች በካርቶን ጭነው ጨረሱት» አለኝ። የኛ ቤት መሆኑ ነው። ሦስት እሽግ የማትሞላ መድኃኒት መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ፣ ከተማው ውስጥ በካርቶን ስትጫን ትውላለች!

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የለም ስንለው ሰውየው «አይሠራም ማለት ነው» ብሎ አይሄድም። «ይሠራል፣ ለዚህ ነው ያለቀው» ብሎ ነው የሚሄደው። ነገሩን ያባሰው ደግሞ መጋቢት 18 ከመንግሥት የተሰማው፣ የሀገር በቀል መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፎ ወደሚቀጥለው የሙከራ ደረጃ ሊሄድ ነው የሚለው መግለጫ ነው። «ሙከራ» የምትለዋን ማን ሰማ? በማግስቱ «ያ የኛው መድኃኒት ገባ ወይ?» ባዩ በዛ። እሱንም በሐቅ የለም አልን፣ በሐቅ ያልነውም እንደ ውሸቱ ተቆጠረብን።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር መጣ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት፣ ሹፌር ደንበኛችን ነው፣ ያን ጊዜ ግን ሹፌር ምግብ ቤት ሲገባ ሰው ወንበር ይቀይር ነበር። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ «ዶክተር፣ ክሎሮኪን ስጠኝ» አለ። (ዶክተር አይደለሁም፣ ግን እዚህ አገር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማስተባበሉን ትቼዋለሁ።)

«የለም» ስለው፣ «አለ። ዋጋውን ንገረኝ» ብሎ የመቶ ብር ኖቶች ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ሲዘረጋ እጁን አየሁት። በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቆ ጣቶቹ መሃል ቆዳው ተልጧል። መሪውንም፣ በሩንም፣ እጁንም በንጹሕ በረኪና፣ ውኃ ሳይጨምርበት ነው የሚያጥበው። ጋቢና ውስጥ እንደሚበላና እንደሚተኛ፣ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ልጆቹን ወደ ጓዳ እንደምታስገባ ነገረኝ። ስግብግብ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። የጨነቀው ሰው ነው።

ጎንበስ ብዬ እሽጉን አወጣሁና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው፣ አለ። ግን አልሸጥልህም።»

ደነገጠ። ከኋላው ያሉትም ጆሮአቸውን ቀሰሩ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን «ለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም ያልነው ሰው አንድም ቀን ለምን ብሎን አያውቅም ነበር፣ ምን ብሎ ይጠይቃል? ስለ ልቡ ነገርኩት። ለኮሮና መሥራቱ ገና እየተጠና መሆኑን ነገርኩት። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቅኩትና አንድ ፍሬ ምን እንደምታደርጋቸው ነገርኩት። እዚህ ላይ ብሩን መሰብሰብ ጀመረ።

ይህን እያወራን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ገባች። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ቀልቷል። «ትኩሳት አለው» ስትል ሰልፉ እንዳለ ተበተነ፤ አንዷማ የከፈለችበትን መድኃኒት ጥላ ነው በረንዳ ላይ የወጣችው። ሹፌሩ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲሸሹት ስለከረመ መሰለኝ። ሴትየዋ ከሐርቡ በኩል ነው የመጣችው፤ ጤና ጣቢያ ደሙ ታይቶ ቫይቫክስ ነው ተብሎ መድኃኒቱ አልቆባቸው ወረቀት ጽፈው ልከዋታል። ደሴም ልትሄድ አስባ ነበር፣ ግን መኪናው ግማሽ ሰው እየጫነ ሒሳቡ አልቀመስ ብሏል።

«ወንድሜ፣ አታጡምና ስጡኝ» አለች። ልጁን ሚዛን ላይ አቆምነው፣ በኪሎው አስልቼ ለሦስቱ ቀን ለየብቻ ጠቀለልኩላት፣ አሰጣጡን አስደገምኳት። ሹፌሩ ዓይኑን እሽጉ ላይ ተክሎ ቆይቶ «እና ይቺ ናት ያለችው?» አለኝ። አዎ፣ ይቺው ናት። «አብሽሪ እህቴ፣ ይሻለዋል» አላትና ሒሳቧን ከፈለላት።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ተረት ይወጣው ነበር። ግን ሰውየው ሲወጣ ምን አለኝ? «አዳማ ካገኘሁ ግን እገዛለሁ።» ሳሙናና የእጅ ቅባት ሸጥኩለት፤ 5 በመቶ የሚለውን በረኪና ለዕቃ ማጽጃ አንዱን እጅ በ49 እጅ ውኃ አቅጥነው፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ካተኮሰህ 8335 ደውል፣ ብዬ ሸኘሁት። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እጁ ድኗል። «አዳማ የለም አሉኝ» አለ እየሳቀ፣ «ይሠራል ማለት ነው እንዴ?»

ጋሼ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣኝ። «ነጥቆህ ቢሮጥስ?» አለ። እሱም ልክ ነው፣ ጭንቅ ላይ ያለ ሰው አይታመንም። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እሽጉ ቆልፎ ይቀመጥ፣ ለጠየቀ ሁሉ ግን አለ፣ ለወባ ነው፣ ያለ ማዘዣ አንሰጥም ይባል፣ በሚለው ተስማማን። በካርቶን እጽፋለሁ ብሎ ራሱ ጻፈና በሩ ላይ ለጠፈው። ጭቅጭቁ አልቀረም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ላይ የምናጠፋው ጊዜ ረዘመ፣ ግማሹም ሰድቦን ነው የሚወጣው። የካርቶኑ ወሬ ግን ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስመለስ ስለ አንበጣ ነበር የሚያወራው።

ሰኔ 8 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለክሎሮኪኑና ለሃይድሮክሲክሎሮኪኑ ሰጥቶት የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰረዘ። ተገላገልን ስል በማግስቱ፣ ሰኔ 9፣ እንግሊዞቹ ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት የኮሮና ጽኑ ሕሙማንን ሞት ይቀንሳል ብለው የጥናታቸውን ውጤት አወጁ። ይሄኛው በትክክል የተጠና ነው፤ ግን የሚጠቅመው ኦክስጅን ላይ ላለ ወይም በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሰው ነው፣ ቀለል ላለበት አይረዳም። በዚያው ሳምንት ጠዋት በሩን ስከፍት አንድ አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየጠበቁኝ ነው።

«ልጄ፣ ዴክሳ አለ?»

«አለ አባባ።»

«አትሸጥልኝም አይደል?»

«ኦክስጅን ላይ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ፣ ከደሴ ማዶ፣ ከገራዶ ነው የመጣሁት» አሉና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ገዝተው ሄዱ።