«ሮክ እኮ አንዴ ነው የሚዘፈነው ጋሼ!»

ግራንጅ (የሲያትሉ የሮክ ዓይነት) ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ጊታር አንስቶ መጮህ ነው። እኔ የምሠራበት ሲያትል ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥም ይሄን ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። ሰሞኑን የመጣው እዚሁ ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው። ድምፁ ያምራል፤ ግን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጊታሮቹ ዋጡት። «አንዴ ድገምልኝና ድምፅህን በድምፅህ ላይ ልደርበው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሮክ እኮ አንዴ ነው የሚዘፈነው ጋሼ! ኒርቫናዎች እንዲህ ዓይነት ማጭበርበር አያውቁም» አለኝ። ድራመሩ ሰዓቱን ያያል፤ የስቱዲዮ ኪራይ በሰዓት ነዋ።

አልተከራከርኩትም፣ ወንበር ስቤ የራሱ የኒርቫና ባንድ ዘፈን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» እንዴት እንደተሠራ አጫወትኩት። የባንዱ ዘፋኝና ጊታሪስት ኩርት ኮቤይን ዋናውን የጊታር ዜማ መጀመሪያ ሲያመጣው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ክሪስት ኖቮሰሊክ ንቆት ነበር። ኮቤይን ግን ያንኑ ነገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ደጋግሞ አስመታቸው፣ ኖቮሰሊክም «እስቲ ቀስ እናድርገው» ብሎ ነው ዘፈኑ ቅርጽ የያዘው። ቀስ ብሎ ጀምሮ አዝማቹ ላይ መፈንዳቱን ደግሞ ፒክሲስ ከሚባለው ባንድ እንደወሰደው ኮቤይን ራሱ ተናግሯል።

ቀረጻው በፈረንጆቹ ሜይ 1991 ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ውስጥ ሳውንድ ሲቲ ነበር። እዚያ ኮቤይንም ልክ እንደዚህ ልጅ ድምፄን አልደርብም ብሎ አስቸገረ። ፕሮዲውሰሩ ቡች ቪግ «ጆን ሌነን እኮ ያደርገው ነበር» አለው። ኮቤይን የሌነንን ባንድ ቢትልስን ይወድ ስለነበር እሺ አለ። ሚክሱን የሠራው፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ያዋሃደው፣ ደግሞ አንዲ ዋላስ ነው። በጃንዋሪ 1992 ዘፈኑ ያለበት አልበም «ኔቨርማይንድ» የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ከቢልቦርድ አንደኛነት አወረደው፤ ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሲያትል ባንድ ፍለጋ ተሯሯጡ።

ኮቤይን ኋላ ላይ አልበሙ ከመጠን በላይ ተወልውሏል ብሎ ማማረሩንም አልደበቅኩትም። እኔ ግን ከቪግ ጋር ነኝ። ንዴቱ እንዲያ ጥርት ብሎ የተሰማው የተለፋበት ስለሆነ ነው።

«ሌነን ራሱ?» አለ ልጁ። «አዎ፣ ራሱ» አልኩት። ማይኩ ጋ ተመለሰ። ስንኞቹን በአንድ ድምፅ ተውናቸው፣ አዝማቹን ብቻ ደረብን፤ እንደዚያ ይሁን ያለው ራሱ ነው። መልሰን ስንሰማው ድራመሩ ሰዓቱን ረስቶ ድጋሚ ክፈተው አለኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ዘፈን ገባን።