ክሊራንሱ ላይ የነበረችው መስመር

በመጨረሻው የውድድር ዓመት ሁለተኛው ዙር ሲጀመር በወሎ የነበረና በኋላ የተበተነ አንድ የከተማ አስተዳደር እግር ኳስ ክለብ ለልምምድ የሚያወጣው ኳስ 9 ብቻ ቀርቶ ነበር። 25 ተጫዋች ባለበት ቡድን 9 ኳስ የልምምዱን ዓይነት ይወስናል። ሦስቱን በረኞቹ ይዘው ወደ ጥግ ይሄዳሉ፤ በቀሩት 6 ኳሶች ለሁለት ለሁለት ሆኖ ቅብብል መሥራት ስለማይቻል ቡድኑ ቶሎ ለሁለት ተከፍሎ ወደ መጋጠም ይገባል። መጋጠም ብቻ የሚሠራ ቡድን ይደክማል፤ የቅብብሉ ጥራት ግን በየሳምንቱ ይወርዳል። ከሜዳ ውጭ ያለው ተመልካች «ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም» ሲል የነበረው ይህንን ነበር።

ኳስ በራሱ ጊዜ አያልቅም። ደንቡ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል፤ ስፌቱ የላላ ኳስ ጭቃ ላይ ውኃ ሲጠጣ ከክብደቱ ያልፋል፣ የሚመታውንም እግር ይጎዳል። መርፌው ሳይረጥብ ሲገባ ቫልቩን ይቀደዋል፤ ቫልቩ የተቀደደ ኳስ ጠዋት ተነፍቶ ከሰዓት በኋላ ይላላል። ከ9ኙ ኳሶች ገሚሱ እንዲህ ዓይነት ነበር። ወጌሻው ደግሞ ፕላስተር ስላለቀበት የሚያስረው ቀድሞ ጉዳት የነበረበትን ቁርጭምጭሚት ብቻ ሆነ፤ እሱንም ለጨዋታ ቀን እንጂ ለልምምድ አይደለም። በረዶውን ከጁስ ቤት ይለምናል። ወለም ያለው እግር እብጠቱ ስለቀነሰ ብቻ የዳነ ይመስላል፤ ጅማቱ ሳይጠነክር፣ ሳይታሰርም ሜዳ ሲገባ ያው እግር በዚያው ወር ይደገማል። በዚያ ዓመት ለተጎዱ ተጫዋቾች መብዛት የተሰጠው ምክንያት መጥፎ ሜዳ ነበር። የሜዳው ድርሻ ትንሽ ነው።

ገንዘቡ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ወሎ ውስጥ ቡና ሲጠጣ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ በአብዛኛው የሚገኘው መልስ «ተበላ» ነው። የተበላ ካለ ሕግ ይጠይቅ። ክለቡን የገደለው ግን በግልጽ ወረቀት ላይ የነበረ ስሌት ነው። የእኛ አገር ተጫዋች ሲፈርም የሚደራደረው በተጣራ ደመወዝ ነው። ክለቡም በጀቱን በዚያው በተጣራው ይይዛል። ለምሳሌ 20,000 ብር የተጣራ ለመክፈል፣ የጡረታ መዋጮው ሳይታሰብ፣ 979/2008 የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት በነበረው ስሌት ያልተጣራው ደመወዝ ከ28,400 ብር በላይ ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ ግብር ነው። ለ25 ተጫዋች ይህ በወር ከ211,000 ብር፣ በዓመት ከ2.5 ሚሊዮን ብር ያልፍ ነበር። በጀት ላይ ያልተጻፈ 2.5 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግብሩ «በኋላ ይከፈላል» ተብሎ ይታለፋል፤ ዕዳው ወለድና ቅጣት ይዞ ሲመጣ የባንክ ሒሳቡ ይታገዳል፤ ሒሳቡ ሲታገድ ደመወዝ ይቆማል። የዚያ ክለብ ደመወዝ የቆመው በመጋቢት ነው።

ሌላው ቀዳዳ የበጀት ዓመቱ ነው። የከተማ አስተዳደር በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ዝውውሩና የዝግጅት ካምፑ ደግሞ የሚውለው ክረምት ላይ ነው። የዓመቱ ገንዘብ ትልቁ ክፍል ገና አንድ ጨዋታ ሳይደረግ ይወጣል። ውድድሩ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ሲካሄድ ደግሞ 25 ተጫዋችና 7 የአሰልጣኝ ቡድን አባል ሆቴል ይገባሉ፤ 32 አልጋ፣ 32 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ከሜዳ መግቢያ የሚሰበሰብ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ጨዋታው በሌላ ከተማ ነው።

ለማዘጋጃ ቤቱም ሚዛናዊ ፍርድ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን ካዳረሰ በኋላ በየከተማው የተዘረፈ ጤና ጣቢያና የተሰበረ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ «ለክለቡ 3 ሚሊዮን ጨምሩ» ብሎ ምክር ቤት መቆም ቀላል አይደለም። ሜዳ መኖርም አያድንም፤ ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ያ ትልቅ ስታዲየም ሲመረቅላት ፕሪምየር ሊግ ላይ ነበረች፣ በ2010 ወረደች። ሙገር ሲሚንቶና ዳሽን ቢራ የመሳሰሉ የፋብሪካ ክለቦች በፕሪምየር ሊጉ ሲጫወቱ ያየ ሰው ባለቤቱ እጁን ሲያነሣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ንግድ ባንክ ፈርሶ ተመልሶ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣው ከጀርባው ባንክ ስላለ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። የክሊራንሱ፣ ተጫዋች ክለቡን ሲለቅ የሚሞላው የማጣሪያ ፎርም ነገር ነው።

አምበሉ ክሊራንስ ሊጨርስ የመጣው የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ 4 ቀን ሲቀረው ነው። ሌላ ክለብ ሊያስፈርመው ተስማምቶ መልቀቂያውን እየጠበቀ ነበር። መልቀቂያ ያለ ክሊራንስ አይወጣም፤ ክሊራንስ ደግሞ ያለ ንብረት ክፍል ፊርማ አይሞላም። በስሙ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ የሆነው 2 ማሊያ፣ 2 ቁምጣ፣ 1 ቱታና 1 ሻንጣ ነው። ቱታውን አላመጣም። የንብረት ክፍሏ ሴት ስትጠይቀው እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ የአራት ወር ደመወዜ ሳይሰጠኝ እኔ ቱታ ልመልስ?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩህ?»

«እርስዎማ ምን አደረጉኝ።»

«እንግዲያ ስማኝ። ደመወዝህ ያለው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ቱታው ያለው እኔ ስም ላይ ነው። ነገ ክለቡ ፈርሶ ኦዲተር ሲመጣ ቱታው የት ገባ ተብሎ የሚጠየቀው አንተ አይደለህም። ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። እኔም እንዳንተው ከመጋቢት ጀምሮ አልተከፈለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ቱታውን አጥቦ፣ አጥፎ ይዞት መጣ። እሷም ቆጥራ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቆረጠችለት፤ ቅጂውን በእጁ ሰጠችው፤ «ይቺን እንዳትጥላት» አለችው። ንብረት መልሶ ደረሰኝ ያልያዘ ተጫዋች ከወራት በኋላ የጎደለ ዕቃ ዋጋ ከደመወዙ እንደሚቀነስበት ታውቃለች። ከዚያ ልትፈርም የክሊራንሱን ፎርም ገለጠችና ታች ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺን አንብበሃታል?»

ከፊርማው ቦታ በላይ የታተመችው መስመር «ከክለቡ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ትላለች።

«ሁሉም ፈርሟል እኮ እትዬ። ለመልቀቂያው ነው።»

«መፈረማቸውን አይቻለሁ፤ ነገር ግን እኔ ጋ የሚመጡት ፈርመው ነው። አንተ ገና አልፈረምክም። ፋብሪካ ስሠራም ሰው ሲቀነስ ይቺው መስመር ነበረች። ሰርዛት፣ ከስሯ የቀረብህን በወር በወር ዘርዝረህ ጻፍ፣ ከዚያ ፈርም።»

«ቢመልሱብኝስ?»

«አብሽር። እኔ የምፈርመው ንብረት መመለስህን ነው፤ እሱን መልሰሃል።»

መስመሯን ሰርዞ ከስሯ በእጁ ጻፈ፦ የመጋቢት፣ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ወር ደመወዝ ስላልተከፈለኝ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው። ቀኑን አከለበት። እሷም በቦታዋ ፈርማ ቲተሯን፣ የስም ማኅተሟን፣ አሳረፈች።

ሥራ አስኪያጁ ፎርሙን ሲያይ የተናገረው ነገር በጨዋነት የተነገረ ነበር፤ ጩኸት የለበትም። «ፎርሙን አበላሽተኸዋል። በአዲስ ሞልተህ አምጣ።»

«የጻፍኩት ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው አላልኩም። ግን ክሊራንስ ላይ አይጻፍም። ደመወዝህን በሌላ ደብዳቤ ጠይቅ።»

ይህ መልስ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ክፍያ የሚጠየቀው በማመልከቻ ነው፤ ክሊራንስ የንብረትና የቅድመ ክፍያ ማጣሪያ ነው። ሰውየው ግን ያላለው ነገር አለ፦ ክሊራንሱ የንብረት ማጣሪያ ብቻ ከሆነ ያቺ መስመር እዚያ ምን ትሠራለች? አንድ ሰው ዛሬ «የምጠይቀው የለም» ብሎ ከፈረመ በኋላ ነገ በሌላ ደብዳቤ ቢጠይቅ የሚመለስለት የራሱ ፊርማ ነው። ክለቡ መስመሯን በፎርሙ አትሞ፣ ተጫዋቹ ስለ መስመሯ እዚያው እንዳይጽፍ መከልከል ከአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ በር ነው። ይህን የሚያህል ነገር የዝውውር መስኮት ሊዘጋ 4 ቀን ሲቀረው፣ የቤት ኪራይ ባለበት ልጅ ላይ መጫን በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አምበሉ አዲስ ፎርም አልሞላም። ማኅተም ሳይመታለት መስኮቱ ተዘጋ።

በሥርዓት ይሁን ቢባል መጀመር የነበረበት በግንቦት ነው። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በሕገወጥ መንገድ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አሳስቦ፣ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ክለቡ በቀኑ ካልከፈለ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ቁልፉ «በጽሑፍ» የምትለዋ ናት። ደብዳቤው ወሩንና መጠኑን ለይቶ ይጻፋል፤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ ለሥራ አስኪያጁ በእጅ ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፤ መዝገብ ቤት በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ይመታል። በእጅ የተሰጠ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። 15 ቀኑ እስኪሞላ ተጫዋቹ ልምምድ ማቆም የለበትም፤ ያቆመ ቀን ክለቡ «ሥራ ጥሎ ሄደ» የሚል የራሱን ፋይል ይከፍታል። በዚያ ክለብ ያ ስህተት በቡድን ደረጃ ተሠርቷል፦ ደብዳቤ ሳይገባ አንድ ሳምንት ልምምድ ቆመ፣ ከልምምድ የቀሩባቸው ቀኖች በስም ዝርዝር ተያዙ። ክርክሩ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከታየም 1156/2011 አዋጅ የደመወዝ ጥያቄን በ6 ወር ይርጋ ያግደዋል፤ የመጋቢቱ ደመወዝ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ያልፋል። ስለዚህ «ክለቡ ሲስተካከል እንጠይቃለን» ማለት ወር በወር ገንዘብ መጣል ነው።

ውጤቱ እንደ ተረት አልተዘጋም። መስመሯ ላይ የፈረሙት ልጆች መልቀቂያቸውን ይዘው በወቅቱ ሌላ ክለብ ገቡ፤ በዚያው ዓመት ደመወዝ በሉ። አምበሉ እስከ ግማሽ ዓመቱ መስኮት ድረስ ቤቱ ተቀመጠ። ክለቡ ከተበተነ በኋላ የተቋቋመው ዕዳ አጣሪ ኮሚቴ የፈረሙትን «ፊርማችሁን እዩ» ብሎ መለሳቸው፤ ለአምበሉ ከአራቱ ወር የሁለቱን ከፈለው። በብር ከተቆጠረ የፈረሙት ይበልጣሉ። ንብረት ክፍል ያለችው ሴት የመከረችው ምክር ልጁን ግማሽ ዓመት አስከፍሎታል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ቢሮ ውስጥ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ያነበበላቸው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። አሰልጣኙ አላነበበም፣ ቡድን መሪው አላነበበም፣ ተጫዋቾቹን ያመጣቸው ወኪልም አላነበበም፤ የማንበብ ግዴታ የነበረባቸው ግን እነሱ ናቸው።

ክለብ የሚመሩ ሰዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ውድ አይደለም። ክሊራንሱ ላይ የንብረትና የቅድመ ክፍያ መስመር ብቻ ይቅር፤ የክፍያ ማጠናቀቂያ የተለየ ወረቀት ይሁን፣ የሚፈረመውም ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነው። ክለቡ መክፈል ካልቻለ ደግሞ ዕዳውን በወርና በመጠን አምኖ የሚጽፍ ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ይስጥ። ገንዘብ የሌለው ክለብ ወረቀትና ማኅተም አያጣም፤ ያም ወረቀት ዕዳ አጣሪው ፊት፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ያቆማል።

ታዳጊዎቹ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። ከ17 ዓመት በታች የነበሩት ልጆች ውል አልነበራቸውም፤ የትራንስፖርት ገንዘባቸው ይወጣ የነበረው በስም ዝርዝር ላይ በማስፈረም ነው፣ ዝርዝሩም ከክለቡ ፋይል ጋር ተዘጋ። ቴሴራቸው (የተጫዋችነት መታወቂያቸው) የት እንዳለ የሚጠይቁ ወላጆች ለወራት ወደዚያ ቢሮ ተመላልሰዋል፤ ቢሮው ግን ለሌላ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ተሰጥቶ፣ ካቢኔቶቹ ሳይከፈቱ ወደ መጋዘን ተወስደው ነበር።