ሰባት ቤት ሳይቆጠር

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ከእማዬ ጋር ቡና እየጠጣን አንድ የፍቅር ፊልም አየን። ገና ሲጀምር መጨረሻውን ነገርኳት። ሥራ የበዛባት አሜሪካዊት፣ ከሟች አያቷ ሳጥን የወጣ የድሮ ፎቶ፣ ከዚያ ቀጥታ አየርላንድ። መንገድ የዘጉ በጎች። በጎቹን የሚነዳው ባለሹራብ ሸበላ ደግሞ ያረፈችበት ቤት ባለቤት ሆኖ ቁጭ!

ያሳቀኝ የዘር ፍለጋው ነው። ቄሱ አንድ መዝገብ ገለጡ፣ ቅድመ አያቷ ተገኙ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1922 እኮ ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጥሎ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስንትና ስንት የሕዝብ ቆጠራ ሰነድ አመድ ሆኗል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ግን ተርፏል። እሱን ደግሞ አገሯ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ታየው ነበር። ያኔ ግን በጎቹ ሊቀሩብን ነው። (የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀት መዝገብ በየቦታው ስለነበር ተርፏል። ስለዚህ ቄሱን ምሬያቸዋለሁ።)

የእማዬ ጭንቀት ሌላ ነው። ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቅድመ አያቷ የዚሁ መንደር ሰው አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ልጁስ?»

«እሱም እዚያው ነው የተወለደው።»

«ታዲያ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ነው እንዲህ የሚሳሳሙት?!»

መልስ አጣሁ። ልጅቷ ዘር ልትቆጥር ውቅያኖስ ተሻግራ ዋናውን ቆጠራ ረስታዋለች። ሰርጉ ሊጀመር ሲል እማዬ ሪሞቱን አንስታ ወደ ዜና ቀየረችው። እኔ ደግሞ፣ ለማንም እንዳትነግሩ እንጂ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።